ሮል ካስት አልሆንልህ ብሎኛል፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው። ፍላይ ፊሺንግ (ነፍሳት በሚመስል ቀላል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ዓሣ ማጥመድ) የምሞክረው ግልገል ግቤ ወንዝ ዳር ነው። ከኋላዬ ዛፍና ቁጥቋጦ ስለሆነ ክሩን ወደ ኋላ ማወናጨፍ አይታሰብም። ያለኝ አማራጭ ሮል ካስት፣ ማለትም ክሩን ወደ ኋላ ሳይወረውሩ ውሃው ላይ እያንከባለሉ ወደ ፊት መዘርጋት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እምቢ አለኝ።

የማጥመጃ ዘንጌ 9 ጫማ፣ ለ5 ቁጥር ክር የሚሆን ነው። ክሩን ውሃው ላይ ቀስ አድርጌ ወደ ራሴ እስባለሁ። ዘንጉን ጆሮዬ አጠገብ አድርሼ ቆም እላለሁ። ክሩ ከኋላዬ ሆዱን ነፍቶ ይንጠለጠላል። እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው። ወደ ፊት ስመታ ግን ከመዘርጋት ይልቅ ፊት ለፊቴ ተጠቅልሎ ዘጭ ይላል። ጉልበት ስጨምር ጭራሽ ይብስበታል! ሣር ላይ አለመሥራቱ እንኳ ይገባኛል፤ የክሩን ጫፍ ጨብጦ የሚይዝለት ውሃ የለም።

እስቲ ንገሩኝ፣ ወደ ፊት ስመታ ዘንጉን የት ላቁመው? ከፍ እንዳለ ነው ወይስ ጫፉን ውሃው ድረስ ላውርደው? ከመምታቴ በፊት ክሩ ውሃው ላይ ምን ያህል መቅረት አለበት?

ሌላው ንፋስ ነው። ቀኝ እጅ ነኝ። ከቀኝ ሲነፍስ ክሩ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። በግራ ትከሻዬ በኩል ልወርውር?

ክሬ ፊቱ ወፍራም፣ ኋላው ቀጭን የሆነው ዓይነት ነው። ቀጭኑ ክፍል ከዘንጉ ጫፍ ሲወጣ ጉልበት በደንብ እንደማያስተላልፍ አውቃለሁ። ስለዚህ ሩቅ አልመኝም፣ 10 ሜትር ይበቃኛል። ቀስ ብሎ የሚያሳይ ቪዲዮ ያላችሁ ብትልኩልኝ ደግሞ ውለታችሁን አልረሳም።