ያረጀውን ኤሲ በሂት ፓምፕ ልቀይር ወይስ ጋዝ ላስሞላ? (ባህር ዳር)

የሽምብጧ፦ ሰላም ናችሁ? ቤታችን ሽምብጥ ነው፣ ሀይቁ አጠገብ። ሳሎኑ 4 በ5፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ችፑድ። ኤሲው አሮጌ ነው፣ አር 22 ጋዝ ነው የሚወስደው፣ በየዓመቱ እናስሞላለን፣ ሚያዝያ ሳያልቅ ጋዙ ያልቃል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ እናቴን ሌሊት ይበርዳታል፣ ከሰል አስገብታ ትተኛለች። ሂት ፓምፕ ሁለቱንም ይሠራል አሉኝ። 24,000 ቢቲዩ (የማሽኑ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ግዢ ያለኝም አለ።

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ። አር 22 ደግሞ ኦዞንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል ከገበያ እየወጣ ያለ ጋዝ ነው፣ እዛ ላይ ብር አታፍሺ። ሂት ፓምፕ የሚሉሽ አዲስ ተአምር አይደለም፣ የሚያቀዘቅዝም የሚያሞቅም ስፕሊት ኤሲ ነው። ውስጡ ያለው ቫልቭ የጋዙን አቅጣጫ ይገለብጠዋል፣ ያኔ የውጭውን ሙቀት ወደ ቤት ያስገባል። ለ1 ኪሎዋት መብራት 3 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ታገኛለሽ፣ የሽቦ ማሞቂያ ግን 1 ለ1 ነው። ስትገዢ ማቀዝቀዣ ብቻ እንዳይሸጡልሽ፣ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት እንደ ፍላጎቱ የሚያስተካክል) ያለው ይሁን።

የቀበሌው፦ 24,000 ለ20 ካሬ በዛ! ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ እርጥበቱን ሳያወጣ። የሀይቅ ዳር ቤት ደግሞ እርጥበቱ ነው የሚያስቸግረው። 12,000 ይበቃሽ ነበር፣ ግን ቆርቆሮው ራሱ ምድጃ ነው። መጀመሪያ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት መከላከያ አስነጥፊ፣ ካልሆነ 18,000 ውሰጂ። እኛ 1,800 ሜትር ላይ ነን፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ማሽኑ ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ያህል አይሰጥም።

እትዬ፦ ልጄ፣ የኤሲው ነገር ይደርሳል። ከሰሉን ዛሬውኑ አስወጪ! ዝግ ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ኤሲው እስኪገዛ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስጫት።

የሽምብጧ፦ እሺ እትዬ፣ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። የድሮው የመዳብ ቱቦስ ያገለግላል? ሠራተኛው ይሆናል ብሎኛል።

ጠጋኙ፦ አያዋጣም። አዲሶቹ ጋዞች፣ አር 32 እና አር 410ኤ፣ ግፊታቸው ከአር 22 በጣም ይበልጣል፣ የድሮው ዘይትም ቱቦው ውስጥ ይቀራል። አዲስ ቱቦ ይግባ። ሠራተኛው ቫኪዩም ፓምፕ (ከቱቦው አየርና እርጥበት የሚስብ) ይዞ ካልመጣ፣ ጋዝ ለቅቆ አየሩን ሊያስወጣ ካሰበ፣ በሰላም ሸኚው። አር 32 በመጠኑም ቢሆን ስለሚቀጣጠል ሲገጥም አጠገቡ ሲጋራም የቡና ከሰልም አይኑር።

ጎጃሜ፦ መብራቱን አትርሺ። ሄዶ ሲመለስ የኔን ኢንቨርተር ቦርድ በልቶታል፣ ቦርዱ ደግሞ ውድ ነው። ማስጀመሪያውን የሚያዘገይ ስታቢላይዘር፣ ለብቻው ብሬከርና አርዲንግ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) ያስፈልግሻል። ከቤት ውጭ የሚሰቀለው የኤሲው ክፍል ላይ የሀይቁ ትንኝ ማታ ማታ ይጠራቀማል፣ ለማጠብ ውሃ የሚደርስበት ቦታ ስቀሉት፣ መብራቱ ተቆርጦ ቀስ ብሎ ይታጠባል።