ካራቫን ውስጥ ከሁለት ውሻ ጋር፦ ማታ ውስጥ ላሳድራቸው ወይስ ውጭ?

ቀያሹ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ወሬው ነው የሚረዝመው።

የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነኝ። ከካምፕ ካምፕ ስዞር ስለኖርኩ ከግንብ ቤት ይልቅ ካራቫን ውስጥ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። አምና አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ጎማ ያላት ካራቫን ለጨረታ ወጣችና ገዛኋት። ርዝመቷ 4 ሜትር ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ቡታጋዝ፣ ሦስት ጀሪካን ውሃ። አሮጌዋ ፒካፔ ትጎትታታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቅ እወርዳለሁ፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ውሾቹ ሁለት ናቸው። ቡቺ ከመጨረሻው ካምፕ ተከትላኝ የመጣች ናት። መከታ ልጇ ነው፤ አሁን እናቱን እጥፍ አክሏል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የኔዎቹ ባልበሉበትም ይጮኻሉ።

ቀን ቀን ችግር የለም። የገብስ ዱቄት በአጥንት መረቅ አገነፋላቸዋለሁ፣ በልተው ጥላ ሥር ይተኛሉ። ጉዱ ማታ ነው። እኔ ያደግኩት ውሻ ደፍ በማያልፍበት ቤት ነው። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ውጭ፣ ካራቫኗ መጎተቻ ብረት ላይ በሰንሰለት አሰርኳቸው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጅብ ጮኸ። መከታ ሰንሰለቱን ሲጎትት ካራቫኗ ከነአልጋዬ ተነቃነቀች። የመሬት መንቀጥቀጥ መሰለኝ። ባትሪ ይዤ ስወጣ ማዶ ዓይን ያበራል። ቡቺ ጎማው ሥር ገብታ ትንቀጠቀጣለች።

ሁለቱንም አስገባኋቸው። ብርድ ስለነበር መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ጠዋት ስነቃ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ብርድ ልብሱ ረጥቧል፣ ሽታው አይነሳ። አንገቴን ስዳስስ ደግሞ መዥገር!

እስቲ ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ። ውስጥ ወይስ ውጭ?

የሐረጎ ሹፌር

ወንድሜ፣ የውሻውን ለሚያውቁት ትቻለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ጀሪካኖቹን የት ነው የምትጭናቸው? ከኋላ ከሆነ ካራቫኗ መንገድ ላይ እንደ ውሻ ጭራዋን ትቆላለች። ከባድ ዕቃ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት ነው የሚቀመጠው።

ደግሞ አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ መውረድህ አይቀርም። የሐረጎን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ እንዳትወርዳት። ገና ከላይ ሳለህ ማርሽ ቀንስ፤ ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬን ሲግል እግርህ ይገባል እንጂ መኪናው አይቆምም። ተሳቢ ይዤ ስንት ዓመት ተመላልሼባታለሁ፣ እስካሁንም ስወርዳት ሬዲዮ አልከፍትም።

የከብት ሐኪሟ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ወንድሜ። ውስጥ አሳድራቸው። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ለጅብ የቀረበ እራት ነው። መሸሽም መታገልም አይችልም። ቡቺ ጎማ ሥር የገባችው ፈሪ ሆና አይደለም፣ ገብቷት ነው።

የጣሪያው ውሃ የሦስታችሁ ትንፋሽ ነው። ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። መስኮቱን በሁለት በኩል ጣት የሚያስገባ ያህል ክፈተው። ብርዱን በብርድ ልብስ ቻለው። አደራህን ግን፣ ሙቀት ብለህ የከሰል ምድጃ እንዳታስገባ። ጭሱ ባይታይህም ይገድላል፤ አንተንም እነሱንም።

መዥገሩን ጋዝ አፍስሰህ ወይም በክብሪት አቃጥለህ አታውጣው። በወረንጦ ቆዳው ጋ ጠጋ ብለህ ያዝና ቀጥ አድርገህ ሳበው። ከዚያ እጅህንም ቦታውንም ታጠብ። ውሾቹን ከማስገባትህ በፊት ጆሯቸውን፣ ብብታቸውን፣ በጣታቸው መካከል ዳስስ። መዥገር የሚወደው እዚያ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትበሃቸዋል? በየዓመቱ ይደገማል። ሜዳ የሚያድር ውሻ ከማን ጋር እንደሚናከስ አታውቅም። አንተን የማታውቀው ውሻ ቢነክስህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠበው፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ነገ አትበል።

ሹፌሩ ካለው ላይ ልጨምር፦ ኮምቦልቻ ስትወርድ ካራቫኗን ፀሐይ ላይ አቁመህ ውሾቹን አትዝጋባቸው። እኛ ጋ ሙቀቱ የደሴ አይደለም። ውሻ እንደኛ ገላው ሁሉ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ካለከለከና ከተዝለፈለፈ ጥላ ውስጥ አስገብተህ ሆዱንና መዳፉን በውሃ አርጥብ፣ ሐኪምም ጥራ።

የሐይቅ ልጅ

አብሽር ቀያሹ! ሁሉም ጥሩ ብለዋል። ግን ማንም ያልጠየቀህን እኔ ልጠይቅህ። ማንን አስፈቅደህ ነው የቆምከው?

ሜዳ ላይ ብቻህን አትደር፤ ጊዜው ራሱ አይመክርም። የሰው ግቢ ጠጋ በል። ሽማግሌ ፈልገህ «አባባ፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አንድ ሌሊት ላሳልፍ» በል። ወሎ ውስጥ ነህ፣ እምቢ የሚልህ የለም። ስኳርና ቡና ይዘህ ከመጣህ ደግሞ ምሳም አለህ።

መከታን ግን እሰረው። ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ በግ ሲሰማራ። አንድ ግልገል ከነከሰ ካሳ ትከፍላለህ፣ ሁለተኛም እዚያ አትቆምም። አባቴ ደግሞ ሶላት ሰጋጅ ናቸው። ውሻ የላሰው ዕቃ ሲያዩ ይከፋቸዋል። ውሾችህ የሚጠጡበትን ከቤት አምጣ፣ ከሰው ጀበናና ጣሳ አርቃቸው። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም መሄድ ካማረህ ውሾቹን ለሰው አስጠብቀህ ሂድ።

ቀያሹ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ እሑድ ነው፣ የምጽፈው ከዚያው ከሐይቅ ነው።

ጀሪካኖቹን ወደ ፊት አዛወርኩ፤ ካራቫኗ እውነትም ጭራ መቁላቷን ተወች። ዓርብ ሁለቱንም አስከተብኩ። ትናንት አንድ አዛውንት ግቢያቸው ውስጥ አቆሙኝ። መከታን አይተው «ይሄ ጥጃ ነው ውሻ?» አሉና በጎቻቸውን ወደ ጓሮ ነዱ። የውሾቹን ሳህን ለብቻ ማስቀመጤን ሲያዩ ግን ራሳቸው አጥንት ይዘው መጡ።

ማታ መዥገር ስለቅም አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ከቡቺ ጆሮ ብቻ አራት። መስኮቱን በሁለት በኩል ከፈትኩ፣ ጋቢ ደረብኩ። ሌሊት ጅቡ ጮኸ። ቡቺ አንድ ጆሮዋን አነሳች፣ መልሳ ጣለችው። ጠዋት ጣሪያው ደረቅ ነው።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። መከታ ያንኮራፋል፣ የሰው ማንኮራፋት። እህቴ ሐኪሟ፣ ለዚህስ መርፌ የለሽም?