ኬብሉ ሲገባ የሬዶን ቆጠራው ከባዶው ቻምበር አነሰ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሬዶን (ከቁሶች የሚወጣ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ) ለክታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ለጨለማ ቁስ ሙከራ የሚሆን ኬብል ምን ያህል ሬዶን እንደሚለቅ እየመረመርኩ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ሬዶን-222 ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም። ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ያለው ዜኖን-ኤንቲ የተባለው የጨለማ ቁስ ዲቴክተር ውስጥ በኪሎ ዜኖን 1 ማይክሮ ቤክሬል (በሚሊዮን ሴኮንድ አንድ መፍረስ) እንኳ አይሞላም።

አሠራሬ የተለመደው ነው። ኬብሉን የማይዝግ ብረት ቻምበር ውስጥ ከትቼ አየሩን አወጣለሁ፣ ንጹሕ ናይትሮጅን እሞላለሁ። የሬዶን ግማሽ ዕድሜ 3.8 ቀን ስለሆነ ሁለት ሳምንት ገደማ ዘግቼ አቆየዋለሁ። ከዚያ ጋዙን ወደ ዲቴክተሩ አሳልፋለሁ። ሬዶኑ ሲፈርስ የሚፈጠሩት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው የፖሎኒየም አዮኖች በከፍተኛ ቮልቴጅ የዲቴክተሩ ሲሊከን ላይ ይለጠፋሉ። እኔ የምቆጥረው የፖሎኒየም-214ን አልፋ ነው፣ 7.69 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ።

ጉዱ ታዲያ፣ ኬብሉ ሲገባ ቆጠራው ከባዶው ቻምበር በታች ወረደ። ኬብል ሬዶን አይበላ ነገር! በሂሊየም ፈትሼዋለሁ፣ አያፈስም።

የጠረጠርኩት እርጥበትን ነው። ፕላስቲኩ ውሃ ይለቃል፣ አዮኖቹም ሲሊከኑ ጋ ሳይደርሱ ቻርጃቸውን ያጣሉ። ካሊብሬሽኑ ደግሞ የተሠራው በደረቅ ናይትሮጅን ነው።

ውሃውን ሬዶኑን ሳልነካ እንዴት ላስቀር? ማድረቂያ ኬሚካል እንዳላስገባ እሱ ራሱ ሬዶን ይለቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ቀዝቃዛ ወጥመድ (ጋዙን አቀዝቅዞ ውሃውን የሚያስቀር) የምትጠቀሙ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የምትይዙት? ወይስ እርጥበቱን እንዳለ ትቼ፣ ካሊብሬሽኑን በዚያው እርጥበት ልድገመው?