የካውንስሊንግ ቲዎሪዎች ተምታቱብኝ፤ አንድ ተማሪ ላይ አሳዩኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሳይኮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቲዎሪዎቹን ሸምድጃለሁ፤ ሰው ፊቴ ቢቀመጥ ግን የትኛው ምን እንደሚያደርግ አይገባኝም። እስቲ በአንድ ምሳሌ አስረዱኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ጎበዝ። ፈተና ሲቃረብ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። «ከወደቅኩ ቤተሰቤን አዋረድኩ» ትላለች። ምን ይደረግ?

የማስተርስ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁትን ጥያቄ ተመልከት፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ይታይሃል። የፍሮይድ ተከታይ (ሳይኮአናሊሲስ የሚባለውን፣ የተደበቀ ስሜትን የሚመረምር ሕክምና የሚከተል) ወደ ልጅነቷ ይመለሳል። ውጤት ይዛ ስትመጣ አባቷ ምን ይሉ ነበር? ያኔ የዋጠችው ፍርሃት ዛሬ በፈተናው በኩል እየወጣ ይሆን? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ጊዜ ይፈጃል። ፈተናዋ ለደረሰ ልጅ አልመርጠውም።

ተመካሪውን ማዕከል ያደረገ ካውንስሊንግ የጀመረው ካርል ሮጀርስ ደግሞ ለመምከር አይቸኩልም። ሰው እንዲለወጥ ያስፈልጋሉ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1957 ከጻፋቸው ሁኔታዎች ሦስቱ የአማካሪው ናቸው፦ አለማስመሰል፣ ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ስሜቱን በእሱ ቦታ ሆኖ መረዳት። ይሄ ቀላል እንዳይመስልህ። ልጅቷ አፏን ሳትከፍት «አይዞሽ፣ በርቺ» የሚላት ሞልቷል። የጠፋው ዝም ብሎ የሚሰማት ነው።

የትምህርት ቤት አማካሪ፦
በሮጀርስ እስማማለሁ፤ እዚያ ግን አላቆምም። አሮን ቤክ ሳይኮአናሊሲስ የተማረ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ድባቴ ያለባቸው ታካሚዎቹ አእምሮ ውስጥ ራስን የሚኮንኑ ሀሳቦች ብልጭ እንደሚሉ አስተዋለ። ሲቢቲ (ሀሳብንና ባህሪን በመቀየር የሚያክም ዘዴ) የምንለው ከዚህ መስመር የመጣ ነው።

እኔ ወረቀት አውጥቼ ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ፦ ምን ሆነ? ምን አሰብሽ? ምን ተሰማሽ? ራሷ ትጽፋለች። ከዚያ «ከዘመድሽ የወደቀ የለም? ቤተሰቡ ምን አደረገው?» እላታለሁ። አልከራከራትም፤ ማስረጃውን አብረን ነው የምንፈልገው። «እናቴ በእርግጥ ታፍራለች» ካለችም አላስተባብልም። ከዚያ በኋላስ ምን ይሆናል ብለን እንቀጥላለን።

ለእጇ መንቀጥቀጥ የባህሪ ዘዴ አለ። ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፔ ያስተዋወቀው ነው፦ መጀመሪያ ሰውነትን ማዝናናት፣ ከዚያ ከቀላሉ ፍርሃት ወደ ከባዱ መውጣት። ቤት ውስጥ ሰዓት ይዛ የድሮ ፈተና ትሠራለች፣ ቀጥሎ ከጓደኞቿ ጋር ክፍል ውስጥ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስለሚፈተኑ የማታውቀውን አዳራሽና ዶርም ጭምር በሀሳቧ እንድታልፍበት አደርጋለሁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እናቷን ልጥራ?

የኮሌጅ መምህርት፦
መጀመሪያ ልጅቷን አስፈቅድ። የሚነገረውንና የማይነገረውን አብራችሁ ወስኑ።

«ብሞት ይሻለኛል» ካለች ግን ቲዎሪውን ተወው። ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ ብለህ በግልጽ ጠይቃት፤ መጠየቅህ ሀሳቡን አያመጣባትም። ብቻዋን አትተዋት፣ ምስጢር ነው ብለህም ብቻህን አትያዘው። ቤተሰብ ይወቅ፤ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በዚያው ቀን ውሰዷት።