ከቀርከሃ እሳት ማውጣት

ጥያቄ፣ ከእንጅባራ፦
በፊሊፒንስ ደኖች የሚኖሩት የአይታ ሕዝቦች ያለ ክብሪት ከቀርከሃ እሳት እንደሚያወጡ ሰማሁ። በእኛ በአዊ ቀርከሃ ሞልቶ ሳለ አጥርና ወንበር ሲሠራበት እንጂ እሳት ሲወጣበት አላየሁም፤ አሠራሩን የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ወንድሜ፣ ሥራው በመጋዝ እንጨት ከመቁረጥ ጋር ይመሳሰላል። በሚገባ የደረቀ ቀርከሃ ለሁለት ይሰነጠቅና በአንደኛው ግማሽ ጀርባ ላይ ጠባብ ጭረት ይበጅለታል፤ ከሥሩም ከቀርከሃው የተፋቀና እንደ ጥጥ የለሰለሰ ፍቅፋቂ ይደረጋል። የሌላው ግማሽ ስለት በጭረቱ ላይ አግድም ተጭኖ በፍጥነት ሲሳብና ሲገፋ የሚረግፈው ዱቄት መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎም ይጨሳል፤ እጅ ከቆመ በኋላም ጭሱ ካልተቋረጠ ፍም ተፈጥሯልና በፍቅፋቂው ሸፍኖ በቀስታ እፍ ማለት ነው።

መልስ፣ ከቡሬ፦
በዚያው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሌላም መሣሪያ አለ፤ አንድ ጫፉ በተደፈነ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ዘንግ በአንድ ምት ሲገፋ፣ የታመቀው አየር ግሎ በዘንጉ ጫፍ ያለውን ለኳሽ ያቀጣጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይኸኛው ነው። አያቴ ግን ይህ ሁሉ አላስፈለጋቸውም፤ ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል፣ ከጠፋም ገል አስይዘው ከጎረቤት እሳት እንድጭር ይልኩኝ ነበር።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካ እርጥቡን ቆርጬ ስታገል የዋልኩት በከንቱ ነው፤ ከላብ በቀር የወጣ ነገር አልነበረም።