ጊኒ ፒጋችን ሽንቱ እየተመላለሰ ታመመብን፣ የምታውቁ እርዱን

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የወረቀትም የቤት ኪራይም ጥያቄ አይደለም ይዤ የመጣሁት፣ እንዳትስቁብኝ ብቻ። ልጄ ለምና ለምና ያስገዛችን ጊኒ ፒግ (ጭራ የሌላት ወፍራም አይጥ የምትመስል ሳር በል የቤት እንስሳ) አለ፣ ኮኮ ይባላል፣ ወንድ ነው፣ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ከክረምቱ ጀምሮ ሲሸና ይጮሃል፣ ጀርባውን ቆልምሞ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ የምናነጥፍለት ነጭ ጨርቅ ላይም ሮዝ ነገር እናያለን። ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ጋ ወሰድነው አንቲባዮቲክ ሰጡን፣ ሲወስድ ደህና ይሆናል ሲጨርስ ይመለስበታል፣ ደግመው ሰጡን ያው ሆነ። አሁን ኤክስሬይ ይነሳ ኦፕራሲዮንም ሊያስፈልገው ይችላል ብለው የሰጡኝን ኤስቲሜት (የዋጋ ግምት) ባሌ አየና «ለዚች አይጥ?» ብሎኝ ወጣ። ልጅቷ ደግሞ ማታ ማታ እያለቀሰች ነው። ፍሪጅ ውስጥ ትንሹ ልጄ ጆሮውን ሲያመው የታዘዘለት አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ተርፏል፣ ትንሽ ጠብ ባደርግለት ምን ይላችኋል? ምግቡ ድርቆሽ፣ ከሱቅ የምንገዛው ፔሌት (ተፈጭቶ የተድቦለቦለ ደረቅ መኖ)፣ ከዛ ጎመን ስከትፍ የሚተርፈው ግንድና ቅጠል ነው። ጎመን ሲያይ ነፍሱ ነው የሚወጣው።

ቬት ቴክ ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ፦
እህቴ አሞክሲሲሊኑን እንዳትነኪው!! ሌላውን ባታነቢ እንኳን ይቺን አንብቢ። ጊኒ ፒግን የሚያኖረው አንጀቱ ውስጥ ሳሩን የሚያብላላለት ባክቴሪያ ነው፣ አሞክሲሲሊንና የፔኒሲሊን ዘመዶቹ በአፍ ሲሰጡት እሱን ይጨርሱታል፣ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ደግሞ ቦታውን ይይዛል፣ ከዛ ተቅማጥ ነው፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ክሊንዳማይሲንም እንደዛው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት ትራይሜቶፕሪም ሰልፋ ወይ ኢንሮፍሎክሳሲን ነው፣ እሱም በግራም ተመዝኖ ተሰልቶ።

አሁን ወደ ኮኮ። መድኃኒት ሲወስድ ተሽሎት ሲያቆም የሚመለስበት ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጠጠር ነው። ፊኛው ውስጥ ጠጠር ካለ ኢንፌክሽኑ ይበርዳል እንጂ ጠጠሩ እዛው ነው፣ ሲፍቀው ይደማል፣ እንደገና ያመረቅዛል፣ አንቺም እንደገና ትከፍያለሽ። ስለዚህ ኤስቲሜቱን አንድ ላይ አይተሽ አትደንግጪ፣ «በዝርዝር ስጡኝ፣ መጀመሪያ ኤክስሬዩን ብቻ» በያቸው። የጊኒ ፒግ ጠጠር አብዛኛው የካልሲየም ስለሆነ ኤክስሬይ ላይ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፊኛውን ብቻ ሳይሆን እስከ ታች እስከ ሽንት መውጫው ድረስ ይንሱት፣ ወንዶች ላይ እዛ ነው የሚቀረቀረው። ሽንቱም ካልቸር ይደረግ (ባክቴሪያው ላብራቶሪ ውስጥ አድጎ ይታይ)፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራለት በግምት ሳይሆን በምርመራ ይታወቃል። ሽንቱ ደመና መስሎ ነጣ ማለቱ ግን ለብቻው አያስደነግጥም፣ ጤነኛውም እንደዛ ነው፣ ሲደርቅ አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር ከተወ ነው ችግሩ። ቀይ ሁሉም ደም አይደለም፣ የአትክልት ቀለም ሊሆን ይችላል፣ እነሱ ሽንቱ ውስጥ በሚነከር የመመርመሪያ ወረቀት (ስትሪፕ) ወዲያው ይለዩታል።

ጎመኑን አቁሚ። እዚህ ጎመን ብለን የምንሠራው ኮላርድ በ100 ግራም 230 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው፣ ረጅሙ የሮሜይን ሰላጣ 33 ነው፣ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ 7። እኛና ውሻ ካልሲየም ስንበላ አንጀታችን የሚያስፈልገንን ያህል ነው የሚወስደው፣ ጊኒ ፒግ ግን የመጣለትን ስቦ ትርፉን በሽንት ነው የሚያስወጣው፣ ሽንቱ ደግሞ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ እዛው ይዘቅጣል። ቆስጣ፣ ስፒናች፣ ፐርስሊም ይቅሩ። ድርቆሹ ቲሞቲ የሚባለው ሳር መሆኑን እይ፣ አልፋልፋ (ካልሲየም የበዛበት ድርቆሽ) ከስድስት ወር በታች ላለና ላረገዘች ነው፣ ፔሌቱም ብዙው ከአልፋልፋ ስለሚሠራ ጀርባውን አንብቢ፣ በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። (የጤፍ ሳርም እዚህ አገር ለፈረስ ተብሎ ድርቆሽ ሆኖ ይሸጣል፣ መጀመሪያ ሳየው ለብቻዬ ስቄያለሁ።) ቫይታሚን ሲ እንደኛው ራሱ አያመርትም፣ በቀን ለኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፣ ቃሪያው አብዛኛውን ይሸፍንልሻል፣ ውሃው ውስጥ የሚጨመረውን ጠብታ ተይው ቶሎ ይበላሻል ውሃውንም ያስጠላዋል። ሰላጣውን አጥበሽ እርጥቡን ስጪው፣ ከጠርሙሱ ሌላ በጎድጓዳ ሳህንም ውሃ አስቀምጪለት። ምግብ ብቻውን ጠጠር ያመጣል ማለቴ አይደለም፣ ውፍረቱም አለመንቀሳቀሱም ተፈጥሮውም አለበት፣ አንቺ እጅ ላይ ያለው ግን ምግብና ውሃው ነው።

አንድ ነገር ግን፣ እያማጠ ጠብ የማይልለት ከሆነ ወይ ግማሽ ቀን ምግብ እንቢ ካለ ሌሊትም ቢሆን ኢመርጀንሲ ነው፣ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም።

አዲሱ ዳላስ፦
ሃሃሃ እኛ ቤት አይጥ ሲታይ ድመት ነበር የሚጠራው። ይቅርታ እህቴ እየቀለድኩ ነው። ግን የምሬን፣ ለቀዶ ጥገናው ገንዘብ የሌለው ሰው ማስታገሻ እየሰጠ መተው አይችልም?

ቬት ቴክ ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ፦
አዲሱ ጥያቄህ የሚያሳፍር አይደለም፣ በየቀኑ እንጠየቃለን። ፊኛው ውስጥ ያለው ወደ ጠጠርነት ያልደረሰ የካልሲየም ዝቃጭ ብቻ ከሆነ በፈሳሽ፣ በሜሎክሲካም (የሕመም ማስታገሻ) እና በምግብ ለውጥ ብዙ ጊዜ መያዝ ይቻላል። ትልቅ ጠጠር ከሆነ ግን ማስታገሻ ብቻ መስጠት ማሰቃየት ነው፣ ወይ ይወጣለታል ወይ ሳይሰቃይ እንዲያርፍ ይደረጋል፣ ይሄን ለልጅ መንገር ከባድ ቢሆንም። ኦፕራሲዮንም ተደርጎ ጠጠር ሊመለስ ይችላል፣ ይሄን ሳይነግርሽ ገንዘብሽን የሚቀበል ሐኪም እኔ አላምነውም። ውሻና ድመት ብቻ የሚያይ ክሊኒክም አትሂጂ፣ ኤግዞቲክ (ከውሻና ድመት ውጭ ያሉ የቤት እንስሳትን) የሚያይ ፈልጊ፣ ኤኢኤምቪ የሚባለው የእነዚህ ሐኪሞች ማህበር ድረ ገጽ ላይ በየስቴቱ ይፈለጋል።

ከዙሪክ፦
እኛ ሁለት ሴቶች አሉን፣ እዚህ ከ2008 ጀምሮ ጊኒ ፒግን ብቻውን ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው። ችግሩ ግን ጨርቁ ላይ ደም ሲታይ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እኔ ለየብቻ ነጭ ሶፍት አንጥፌ ለትንሽ ሰዓት አስቀምጣቸዋለሁ፣ በሽቦ ቢለያዩም እየተያዩ ስለሆነ አይጨነቁም። የታመመችው ጠጠሯ ወርዶ መውጫው አፍ ላይ ነበር የተያዘው፣ ሐኪሟ አደንዝዛ ሳትቀድ ነው ያወጣችላት፣ የሴቶቹ ቧንቧ አጭርና ሰፋ ያለ ስለሆነ እንዲህ ይሆናል አለችኝ። ሴት ያላችሁ ደግሞ ደሙ ከማህፀንም ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ ጠይቁ። እኔን ከሁሉም የጠቀመኝ የወጥ ቤት ሚዛን ነው፣ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሳህን ላይ አስቀምጠን እንመዝናለን ልጄ ካላንደሩ ላይ ይጽፋል፣ ከ50 ግራም በላይ ከወረደች ሳትጮህም ሳትደማም እንደውላለን። እነዚህ ነገሮች ሕመማቸውን ደብቀው ነው የሚኖሩት፣ ሚዛኑ ግን ያጋልጣቸዋል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ሽሮፑን ደፋሁት። ኤክስሬይ ተነሳ፣ ጠጠር የለም ተመስገን፣ ፊኛው ግርጌ ግን ዝቃጭ ሞልቷል። ከቆዳው ስር ፈሳሽ ሰጡት፣ ሰልፋና ሜሎክሲካም ይዘን መጣን፣ ከወር በኋላ እንደገና ይታያል። ባሌም «አይጧ እንዴት ናት» እያለ መጠየቅ ጀምሯል። አሁን የቸገረኝ ሲሪንጁን ሳመጣ ጥርሱን ይነክስና መድኃኒቱ አገጩ ላይ ነው የሚቀረው።

ቬት ቴክ ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ፦
በፎጣ ጠቅልይው ጭንቅላቱ ብቻ ይውጣ፣ ጀርባውን ደረትሽ ላይ ደገፍ አድርጊና ሲሪንጁን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከፊት ጥርሱ ኋላ ባለው ክፍተት አስገቢ፣ ትንሽ ትንሽ እየገፋሽ እስኪውጥ ጠብቂው፣ አንዴ ብትጨምቂው ሳንባው ይገባል። ምግብ ከቀነሰም ክሪቲካል ኬር የሚባለውን ለታመመ ሳር በል እንስሳ የሚሰጥ የምግብ ዱቄት በጥብጠሽ በዚሁ መንገድ ነው። ልጅቷ ቃሪያ ይዛ ትቁም፣ እንደጨረሰ ትስጠው።