መድረክ ያሳደገው ተዋናይ ካሜራ ፊት ለምን ይጮኻል?

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት አንድ የቡድናችን አባል «በፊልሞቻችን የምናየው የተጋነነ ትወና ምንጩ መድረክ ስለሆነ፣ ከቴአትር ቤት የመጣ ተዋናይ ለፊልም መመረጥ የለበትም» የሚል አስተያየት ጽፎ ነበር። በሙያው ያላችሁ፣ የራሳችሁን ሥራ እየመረመራችሁ መልሱልን።

የመድረክ ተዋናይ፦ የክሱ ግማሽ እውነት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ከሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል፤ በኋለኛው ረድፍ የተቀመጠው ሰው ሹክሹክታዬን ሳይቀር እንዲሰማ ተብሎ የተገራ ድምፅ፣ አንድ ክንድ ርቆ በቆመ ካሜራ ፊት ከልክ ያልፋል። የመጀመሪያ ቀረጻዬን ሳየው ቅንድቤ ከአፌ ቀድሞ ይናገር ነበር። ይሁንና ጉዳዩ ልክን ያለማወቅ እንጂ የሥልጠናው ጥፋት አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ የመድረክ ሰው ነበር፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ግን ፊታውራሪ መሸሻንና ጉዱ ካሣን በየድምፃቸው ለየናቸው እንጂ ጩኸት አልሰማንም።

የፊልም ተዋናይት፦ ጋሼ፣ ወጋየሁን መጥራትዎ ክርክሩን ያቀልልዎታል፤ የእርሱን ያህል ተሰጥኦ ያለው ሰው የትኛውንም ሥልጠና ያስመሰግናል። እኔ መድረክ ሳልረግጥ ፊልም የጀመርኩ ነኝ። ጥንካሬዬ ዝም ብዬ ማዳመጥ መቻሌ ነው፤ ካሜራው ሲቀርበኝ ምንም ለማሳየት አልጣደፍም። ድክመቴንም አልሸሽግም። ቀረጻ የታሪኩን ቅደም ተከተል ስለማይጠብቅ፣ ጠዋት የባሏን ለቅሶ ተቀምጬ ከሰዓት በኋላ ሠርጓን ስደግስ፣ ገጸ ባሕርይዋ ከየት ተነሥታ የት እንደደረሰች ይጠፋብኛል። ረጅም ንግግር ሲመጣ ደግሞ ትንፋሼ መሀል ላይ ያልቃል። ቴአትር ቤት በልምምድ የሚያልፈውን ጊዜ እኛ አናገኘውም፤ ቃለ ተውኔቱ በዋዜማው የደረሰኝ ጊዜ አለ።

የመድረክ ተዋናይ፦ እኅቴ፣ የጎደለሽን ራስሽ ነገርሽን፤ መድረክ የሚያስተምረው ያንኑ ነው። ወጋየሁ ካልበቃሽ ደበበ እሸቱ አለልሽ፤ ከመድረክ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ተጫውቷል።

የፊልም ተዋናይት፦ የሁለት አንጋፋዎች ስም የብዙኃኑን ልማድ አይሸፍንም። አብረውኝ ከሠሩ የመድረክ ሰዎች አንዳንዶቹ ንግግራቸውን የሚወረውሩት ለእኔ ሳይሆን በሌለ አዳራሽ ለተቀመጠ ሕዝብ ነው።

የድምፅ ባለሙያ፦ ሁለታችሁም የእኛን የቀረጻ ሰዎች ጥፋት ዘነጋችሁ። ማይክሮፎኑ ከተዋናዩ ሲርቅ፣ የመንገዱም ጩኸት ሲገባበት፣ አዘጋጁ «ድምፅ ጨምር» ይላል፤ ድምፅ ሲጨምር ፊትና እጅም አብረው ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ የሚወቀሰው ተዋናዩ ብቻ ነው።

የመድረክ ተዋናይ፦ ይህን ሰበብ በደስታ በተቀበልኩ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ማይክሮፎኑ ደረቴ ላይ ተለጥፎም ጮኼአለሁ።